እናቴ ዋስ የሆነችለት ኮምፒውተር

«ለማዶ ሰፈር መረዳጃ ዕድር አባላት በሙሉ! ዛሬ እሑድ ኅዳር ሰባት ቀን ሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን፣ የዕድራችን ኮምፒውተር በክቡር ሊቀ መንበሩ እጅ ተነክቶ ያልበራ መሆኑን በታላቅ ጥሞና እንገልጻለን! የሞተ ሰው የለም! ድንኳን ይዛችሁ እንዳትመጡ! ተጨማሪ መግለጫ እንደ አስፈላጊነቱ ይሰጣል!»

ይህን ያወጀው የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ዘሩ ነው። ዘሩ በሃያ ዓመት አገልግሎቱ ከሞት በቀር ሌላ ነገር አውጆ ስለማያውቅ፣ የመጣለት ያው የለመደው የለቅሶ ዜማ ነበር። ዜማውን ብቻ ሰምተው፣ ቃሉን ሳይሰሙ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ የመጡ ሴቶች ነበሩ። አንዷ ከአዳራሹ በር ላይ ቆማ «ማን ነው እቴ?» ብላ ጠየቀች።

«ኮምፒውተሩ ነው» አሏት።

«ውይ አፈር ስሆን! ታሞ ነበር?»

አልታመመም ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በእነዚህ በሁለቱ እጆቼ ገጣጥሜ ስጨርሰው፣ በኮሚቴው ፊት ቦግ ብሎ በርቷል። እሑድ ጧት ግን፣ ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ከቅዳሴ መልስ ከብቦት፣ ሊቀ መንበራችን መምህር ቢሆነኝ ለምረቃው ክራባት አስረው፣ አመልካች ጣታቸውን እንደ ጳጳስ ከፍ አድርገው ማብሪያውን ሲጫኑት፣ ማቀዝቀዣው ነፋሻ ዞረ፣ አረንጓዴዋ መብራት በራች፣ ስክሪኑ ግን እንደ ከሰል ጠቁሮ ቀረ። ቀጥሎ ከሆዱ ውስጥ ረጅም «ጲ-ጲ-ጲ-ጲ» የሚል ጩኸት ይወጣ ጀመር።

«ይጮኻል!» አለ አንዱ።

«እህ፣ መናገሩም አንድ ነገር ነው» አለ ሌላው።

እኔ ዘመኑ ነኝ። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ፣ ፍኖተ ሰላም አውቶቡስ ተራ አጠገብ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምባት የጥገና ቤት ከከፈትሁ ገና አምስተኛ ወር ነበር። ላቤ ከአንገቴ እስከ ወገቤ ወረደ። ላቤ ግን ለኮምፒውተሩ አልነበረም። ከጉባኤው ፊት ለፊት፣ ለብቻዋ በተቀመጠች ወንበር ላይ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ እናቴ ተቀምጣ ነበር። እንዴት እዚያ እንደተቀመጠች መንገር አለብኝ።

ዓመቱ ቢፒአር የሚሉት የመሥሪያ ቤቶች አሠራር ለውጥ አገሩን ያጥለቀለቀበት ዓመት ነው። ወረዳው ተጠና፣ ዞኑ ተጠና፣ ማኅተም የሚመታው ሰውየ ሳይቀር «የሥራ ሂደት ባለቤት» ተባለ። መምህር ቢሆነኝ ደግሞ ከመምህርነት ጡረታ ይውጡ እንጂ ከስብሰባ ጡረታ አልወጡም። «አገር ሲለወጥ ለቅሶ ለምን ወደ ኋላ ይቀራል?» ብለው ዕድሩን አስጠኑት። በጥናቱ መሠረት፣ ሰው ከሞተበት ደቂቃ አንሥቶ ድንኳን እስኪተከል አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይባክናል፤ ከዚህም ውስጥ አንድ ሰዓት ከሩቡ የአባላቱን መዝገብ ፍለጋ ነው። መዝገቡ አንድ ጊዜ በአንድ ሟች ሰውየ ራስጌ ሥር ተገኝቷል። መፍትሔው ኮምፒውተር ሆነ።

ግማሹ ጉባኤ «ካርቶኑ ያልተከፈተ ከባሕር ዳር ይምጣ» አለ። እኔ ተነሣሁና ዕቃውን አንድ በአንድ መርጬ ብገጣጥመው የበለጠ ጠንካራ እንደሚሆን ማስረዳት ጀመርሁ። ማዘርቦርድ ምን እንደሆነ ሳልጨርስ፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ወንዳወቅ ከኋላ ተነሣ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ። በሬ ሲገዛ፣ ቀንዱን ከጅጋ፣ ሻኛውን ከደምበጫ፣ ጭራውን ከቡሬ ለቃቅሞ የሚያመጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዱማ «ማን ያርስበታል?» ሲል ጣሪያው ሊበር ደረሰ። ያን ጊዜ ነው እናቴ እናኑ የተነሣችው። እናቴ በጉባኤ ተናግራ አታውቅም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀችና፣ «የልጄን እጅ አውቀዋለሁ። የገጠመው ዕቃ ካልበራ፣ የእኔ የእናኑ ስም ከመዝገባችሁ ይፋቅ» አለችና ተቀመጠች።

ከዕድር መፋቅ ማለት ሲሞቱ ጥሩምባ የማይነፋለት፣ ድንኳን የማይተከልለት፣ ቃሬዛውን የሚሸከም ትከሻ በልመና የሚፈለግለት ሰው መሆን ነው። እናቴ ባሏንና ሁለት ወንድሞቿን በዚያ ዕድር ቀብራለች። እንግዲህ የራሷን ቀብር አስይዛ ለአንድ የቆርቆሮ ሣጥን ዋስ ሆነች ማለት ነው። በዕድሩ ሕግ ደግሞ ዋስ፣ የተዋሰለት ነገር በሚታይበት ቀን፣ እስኪለይ ድረስ፣ በጉባኤው ፊት ከተቀመጠበት ወንበር አይነሣም።

ለዚህ ነው ያላበኝ።

«ዘመኑ» አሉ መምህር ቢሆነኝ፣ ክራባታቸውን እያላሉ፣ «ይህ ጩኸት በጥናቱ ውስጥ አልነበረም።»

«አንድ አፍታ ይስጡኝ መምህር።»

ከሞኒተሩ ጀመርሁ። ኬብሉን ነቀልሁ፣ ሰካሁ፣ ብሎኑን አጠበቅሁ። ጥቁር። የመብራቱን ሶኬት ቀየርሁ። ጥቁር። ወደ ሱቄ ሮጬ የራሴን ሞኒተር፣ ያንን ጀርባው የጎበጠውን ከባድ ሞኒተር፣ እንደ ጠቦት ታቅፌ መጣሁና ሰካሁት። ጥቁር። እንግዲያው ችግሩ ከሞኒተሩ አይደለም። ነፋሻው ስለሚዞር ከኃይሉም አይደለም። የቀረው ጩኸቱ ነው። ኮምፒውተር ዓይኑ ሳይገለጥ የሚናገርበት ቋንቋ ጩኸት ነው፤ አንዴ አጭር ከጮኸ ደኅና ነኝ ማለቱ ነው፤ እንዲህ ሳያቋርጥ ረጅም ረጅሙን ሲጮኽ «ራሜን» ማለቱ ነው። ራም ማለት ኮምፒውተሩ የሚያስበውን ነገር ለጊዜው የሚያኖርባት፣ ከመዳፍ እምብዛም የማትረዝም አረንጓዴ ሳንቃ ናት። ያለ እርሷ ስክሪን ላይ አንዲት ነጥብ እንኳ አያወጣም።

«አገኘሁት!» ብየ ጮኽሁ። «ራሙ ነው! ዓርብ ከበራ በኋላ ከዕድሩ ቢሮ በጋሪ ስናመጣው ተንገጫግጮ ላልቶ ነው። ጎኑን ከፍቼ ጫን ባደርገው ይበራል። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው!»

እናቴ ፈገግ አለች። ካቻቪቴዬን አወጣሁ።

«እጅህን!» አሉ ወይዘሮ ሠርክአዲስ፣ የዕድሩ ንብረት ያዥ።

በኮምፒውተሩ ጎን ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ የዕድሩ ክብ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በሙጫ ተለጥፎ ነበር። ዓርብ ከበራ በኋላ ኮሚቴው እስከ እሑድ ማንም እንዳይነካው አሽጎታል። እሽግ ደግሞ በዕድራችን እንደ መጋዘኑ ነው። ድስቱና ድንኳኑ ያሉበት መጋዘን ሦስት ጓጉንቸር አለው፤ አንዱ ቁልፍ በመምህር ቢሆነኝ፣ አንዱ በወይዘሮ ሠርክአዲስ፣ ሦስተኛው በአያ ድረስ እጅ። ሦስቱ ካልተገኙ መጋዘኑ አይከፈትም፣ እሽጉም አይቀደድም። አያ ድረስ የጥንት የእህል መጋዘን ጠባቂ፣ ዳዊት ደጋሚ፣ ከሰላምታ በቀር በቀን ከአሥር ቃል የማይበልጥ ሽማግሌ ናቸው።

«ታዲያ አያ ድረስ የት አሉ?» አልሁ።

«ቡሬ» አሉ ወይዘሮ ሠርክአዲስ። «የዘመዳቸውን ልጅ ክርስትና ሊያነሡ ትናንት ሄደዋል።»

ክርክር ተጀመረ። ማርፈጃው ለክርክር አልበቃም። አንዱ ይጠበቁ ይላል፣ አንዱ አጣዳፊ ነገር ስለሆነ በእጅ ብልጫ ይለይ ይላል፣ አንዱ ደግሞ ቢፒአሩ ራሱ ቢጠና ይላል። በመጨረሻ በመቶ አሥራ ሁለት ድምፅ እሽጉ ያለ ሦስተኛው ሰው እንዲቀደድ ተወሰነ። ቀደድሁት። ብሎኖቹን ፈታሁ። ጎኑን አነሣሁ። ሁለት መቶ ሰው አንገቱን አሰገገ።

ራሟ የምትሰካበት ቦታ ባዶ ነበር።

አላላችም፤ የለችም። ሁለቱ ነጫጭ መቆንጠጫዎች እንደ ተከፈተ አፍ ግራና ቀኝ ተላቅቀው ቆመዋል። እጄን ሰድጄ ባዶውን ዳበስሁት፤ ምን እንደማገኝ እንጃ።

«ምን ሆነ?» አለች እናቴ ከወንበሯ።

«ራሟ የለችም።»

ወንዳወቅ ሳያጣድፍ ተነሣ። «ጭራው ቀርቷል ማለት ነው?» አለ። ግን በዚህ ጊዜ የሳቀ ሰው የለም። እርሱም አልሳቀም። «ጎበዝ፣ ይኼ ጨዋታ አይደለም። ዕቃው ጎድሏል። እሽጉ ሳይነካ ዕቃ የሚጎድለው እንዴት ነው? ከመታሸጉ በፊት የነካው ማን ነው? ገጣሚው ነው።»

«ዓርብ በርቶ አይታችኋል እኮ!» ብየ ጮኽሁ። «ያለ ራም ይበራ ነበር?»

«እኔ አላየሁም። ያየው ኮሚቴው ነው።»

«በርቷል» አሉ መምህር፣ «በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ...» አሉና ግናቸውን ሳይጨርሱ እናቴን አዩ።

አንዲት ሴት «ሌላ ራም ከሱቅህ አምጥተህ ክተትበትና እንገላገል ልጅየ» አለችኝ። ሱቄ ያሉት ሁለቱ የድሮ ሞዴል ናቸው፤ ጥርሳቸው ከዚህኛው ጋር አይገጥምም። ቢገጥምስ? ሌባ የሚለው ስም በሌላ ራም አይነቀልም። እናቴ አሁን የተዋሰችው ለማይበራ ኮምፒውተር ሳይሆን ለሌባ ልጅ ሆኗል።

አናቴን ይዤ ዓርብን ደግሜ አሰብሁት። በርቶ አየን። አጠፋሁት። ገመዶቹን ላስተካክል ብየ ጎኑን ከፍቼ ሳለሁ ሙጫ ጠፋ። መምህርና ወይዘሮ ሠርክአዲስ ማኅተሙን ሊያመጡ ወጡ፣ እኔ ሙጫ ፍለጋ ወጣሁ። ስመለስ ጎኑ ተገጥሞ፣ ብሎኑ በእጅ ጠብቆ አገኘሁት። «ዘግቼልሃለሁ» ያሉኝ ሰው ነበሩ። እኔም «እግዜር ይስጥልኝ» ብየ ሙጫውን ቀባሁ።

«አያ ድረስ!» ብየ ዘለልሁ። «አያ ድረስ ናቸው! እርሳቸው ብቻቸውን ነበሩ!»

አዳራሹ ተናጋ። «ዳዊት ደጋሚውን?» «ኧረ አፍህን!» «ሽማግሌ ይሰርቃል?» መምህር ቢሆነኝ ጠረጴዛ መቱ። ወይዘሮ ሠርክአዲስ ግን፣ «መቼስ» አሉ፣ «ዓርብ ሁላችን ስንወጣ፣ አያ ድረስ አግዳሚው ላይ አንቀላፍተው ነበር። ከጧት ጀምሮ እንዳንቀላፉ ነበር።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጊዜ ተሰጥቷል» አሉ መምህር። «ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የዋሷ ጉዳይ ለውሳኔ ይቀርባል። ስልካቸውስ?»

«አያ ድረስ ስልክ?» አለ ዘሩ። በዚያ ጭንቅ ውስጥ የሳቀ እርሱ ብቻ ነበር።

ጫማዬን ሳላስር ወደ በሩ ሮጥሁ። ወንዳወቅ ክንዴን ያዘኝ።

«ወዴት?»

«ቡሬ!»

«ተጠርጣሪ ብቻውን አይላክም። ና፣ ሞተሬ ላይ ውጣ።»

በሕይወቴ እንዲህ ዓይነት ጉዞ አልሄድሁም። ወንዳወቅ ወፍጮውን እንደሚያዞር ነው ሞተር የሚነዳው፤ ወይ ይዞራል ወይ ይሰበራል። የኅዳር ጤፍ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኖ ይሸሻል፣ ከፊታችን በግ ይበተናል፣ ከኋላችን እርግማን ይከተለናል። ማንኩሳን ስናልፍ ነፋሱ ውስጥ ወደ ኋላ ዞሮ፣

«እውነቱን ንገረኝ!» ብሎ ጮኸብኝ። «አልሸጥሃትም?»

«ፊትህን ወደ መንገዱ!»

«እናትህ አሳዝናኝ ነው! እኔ እናኑን እወዳታለሁ!»

«ከወደድኻትማ ከፊትህ ያለውን ከብት እይ!»

አየው፤ በሬው ግን ቀድሞ አይቶን ገለል ብሎ ነበር። ዕውቀት ያለው በሬ ነው።

ቡሬ ስንደርስ ስድስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። የክርስትናውን ቤት ለማግኘት አላስቸገረንም፤ ከሩቅ የሚሰማው እልልታ መራን። ዳስ ውስጥ፣ ከመሀል፣ አያ ድረስ ሕፃኑን ታቅፈው፣ የዳዊታቸውን የቆዳ ማኅደር በትከሻቸው አንግተው ተቀምጠዋል። ተንደርድሬ ሄድሁና፣

«አያ ድረስ! ራሟን ...»

«እንዴት ዋላችሁ» አሉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አያ ድረስ፣ ራሟን ...»

«ተቀመጡ። ብሉ።»

የቤቱ እመቤት ከእጄ ላይ ውኃ አፈሰሱልኝ። «ኧረ እኔ ቸኩያለሁ እማማ!» ብል፣ «የክርስትና ቤት ገብተህ ሳትቀምስ ልትወጣ? ለልጁ ዕድሜ አትመኝለትም?» ብለው ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። ወንዳወቅ ተቀምጦ ሁለተኛውን ጉርሻ አጋምሷል። ሰዓቴን አየሁ፤ በላሁ። ጠላውን ሳብሁ። ሰዓቴን አየሁ፤ ጨመሩልኝ። እናቴ ያን ሁሉ ሰዓት ውኃ ሳትጠጣ እንደተቀመጠች እያሰብሁ፣ ያን የመሰለ ጥሩ ዶሮ ወጥ ሳላጣጥም ዋጥሁት።

መጨረሻ ላይ አያ ድረስ ሕፃኑን ለእናቱ ሰጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ ዘንድ ናት» አሉ።

ወንዳወቅ አጥንቱን አስቀመጠ።

«አያ ድረስ!» አልሁ፣ «ምነው? ምን አደረግሁዎ?»

«መጋዘኑ ስንት ቁልፍ አለው?»

«ሦስት።»

«ኮምፒውተሩስ?»

«ኮምፒውተር ቁልፍ የለውም፣ አያ ድረስ።»

«የሌለው ከሆነማ አንድ ሰው ብቻውን ይከፍተዋል።» ማኅደራቸውን መታ መታ አደረጉ። «ቁልፍ አወጣሁለት።»

ይህ ከአሥር ቃላቸው በላይ ስለነበር ጥቂት አረፉ። እኔና ወንዳወቅ ተያየን። ዕድሩ በሠላሳ ዓመት ታሪኩ አንድ ሰው ብቻውን የሚከፍተው ንብረት ኖሮት አያውቅም። እኛ ስምንት ወር ስናጠና፣ ነገሩን ሁሉ በአምስት የሥራ ሂደት ስንከፋፍል፣ ይህችን አንዲት ጥያቄ ማንም አልጠየቃትም።

«እሺ፣ ለምን አልነገሩንም?» አለ ወንዳወቅ። «ልጁን እኮ ሌባ አልነው!»

አያ ድረስ ቅንድባቸውን አነሡ። «እኔ ሳልኖር መጋዘኑን ከፍታችሁ ታውቃላችሁ?»

«አናውቅም።»

«እኔ ሳልኖር ይኼን ትከፍታላችሁ ብየ በምን ልወቅ?» ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እሽጉን ቀደዳችሁት?»

ወንዳወቅ መሬት መሬት አየ። «በእጅ ብልጫ» አለ።

«በእጅ ብልጫ» አሉ አያ ድረስ፣ የዘመድ ሞት እንደተነገራቸው ሁሉ።

«እንግዲህ ይስጡኝና ልሩጥ» አልሁ እጄን ዘርግቼ። «እናቴ ተቀምጣለች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሰጡኝ!»

«ቁልፍ ያዥ ቁልፉን ለሰው አይሰጥም» አሉና ተነሡ። ጋቢያቸውን አጣፉ፣ ሕፃኑን ግንባሩ ላይ ሳሙት፣ «መንገድ ምራ» አሉኝ።

ስለዚህ ሦስት ሆንን። ወንዳወቅ ከፊት፣ አያ ድረስ መሀል፣ እኔ ከኋላ ግማሽ ቂጤ ብቻ ሞተሩ ላይ፣ ሌላው ግማሽ በእግዚአብሔር ፈቃድ። የአያ ድረስ ጋቢ ነፋስ እየሞላው ፊቴን ይሸፍነዋል፤ አጠገቤ ምን እንዳለፈ አላውቅም፤ አንድ ጊዜ የመኪና ጥሩምባ፣ አንድ ጊዜ የአህያ ጩኸት ሰማሁ። ወንዳወቅ ዳገት ላይ «ቀላል ሁኑ!» እያለ ይጮኻል፤ አያ ድረስ ዳዊት በቃላቸው ይደግማሉ፤ እኔ ሰዓት እደግማለሁ። ስምንት ሰዓት ተኩል። ስምንት ከአርባ። የላህ ወንዝን ድልድይ ስናልፍ «ደረስን እማየ!» ብየ ማንም በማይሰማበት ጮኽሁ።

አዳራሹ ስንገባ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም፤ እንዲያውም ከሌላ ሰፈር የመጣ ሰው ተጨምሯል። እናቴ በዚያችው ወንበር ላይ ናት። ከንፈሯ ደርቋል። አያ ድረስን ስታይ በተቀመጠችበት አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሣች፤ እርሳቸውም ዝቅ ብለው መለሱላት። ከዚያ ማኅደሩን ፈቱና፣ ከዳዊቱ ቅጠል መካከል፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች ራሜን አወጡ።

ሰዉ ሁሉ «ውይ!» አለ። አንዳንዱ ያማተበ ነበር።

ተቀበልሁ። ሰካሁ። ማብሪያውን ተጫንሁ።

«ጲ-ጲ-ጲ-ጲ!»

«አለቀ» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

አላለቀም! ጭንቅላቴ እንደ መስከረም ሰማይ ጠርቷል። ነቀልኋት፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰድኋት። በወርቃማዎቹ ጥርሶቿ ላይ ስስ ሰም ተለጥፎባታል። አያ ድረስ ዳዊታቸውን በጧፍ ነው የሚያነቡት፤ ማኅደሩ ሠላሳ ዓመት የጧፍ ፍርፋሪ ጠጥቷል። ሰም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

«ላጲስ!» ብየ ጮኽሁ። «ላጲስ ያለው ሰው!»

መምህር ቢሆነኝ እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ሰደዱ። ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸው እንኳ ላጲስ ከኪሳቸው አልወጣም ነበር። ሰሙን በጥፍሬ ፋቅሁ፣ ጥርሶቿን አንድ በአንድ በላጲስ አሸሁ፣ እፍ አልሁባት፣ በሸሚዜ ጫፍ ጠረግኋት። መልሼ አስገባኋት፤ በሁለት አውራ ጣቴ ግራና ቀኝ እኩል ጫንሁ። «ቀጭ!» አለች። ሁለቱ ነጫጭ መቆንጠጫዎች ራሳቸው ተነሥተው ነከሷት። ይህን ድምፅ የሚያውቅ ያውቀዋል።

«መምህር፣ እርስዎ ይጫኑት።»

«እኔ አልጫንም፤ እጄ ገድ የለውም» አሉ።

«እኔ እጫነዋለሁ» አለ ወንዳወቅ፣ ማንም ሳይጠይቀው መጥቶ። ተጫነው።

አንዲት አጭር ጩኸት። «ጲጵ።» ከዚያ ዝም። ያቺ ዝምታ ከማንኩሳ እስከ ቡሬ ትረዝም ነበር። ጎባጣው ሞኒተር እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ ሞቀ፣ ከመሀሉ ግራጫ ነገር ተንቀሳቀሰ፣ ቀጥሎ ነጫጭ ፊደላት ከላይ ወደ ታች ተንጋጉ!

የሆነውን ልነግራችሁ አልችልም። እልልታው ነው፣ ጭብጨባው ነው፣ ወንዳወቅ አንሥቶ ትከሻው ላይ ሲያወጣኝ ራሴ ጣሪያውን መታው። ዘሩ ጥሩምባውን ነፋ፤ ዜማው ያው የሞት ነበር፤ ቃሉ ግን «በራ! በራ!» ይላል። ውጭ ያሉት ሴቶች ማልቀስ ይሁን መሳቅ ግራ ገብቷቸው ሁለቱንም አደረጉ።

መምህር ቢሆነኝ ጸጥታ አስከበሩና፣ «ወይዘሮ እናኑ፣ ዋስትናሽ ወርዷል። ተነሺ» አሏት።

እናቴ አልተነሣችም። «ስሜን አሳዩኝ» አለች።

ዓርብ ያስገባሁትን የአባላት ዝርዝር ከፈትሁ። ወደ ታች ወረድሁ፣ መቶ ሠላሳ አራተኛ ተራ ቁጥር ላይ ቆምሁና ፊደሉን አተለቅሁት። እናኑ። ስክሪኑን ሙሉ ሆነ። እናቴ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የተማረቻትን ያህል እያንዳንዷን ፊደል በከንፈሯ ተከተለች፤ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ተነሣች። ሁለት ሴቶች ደግፈዋት፣ መጀመሪያ የጠየቀችው ውኃ ነው፤ ሁለተኛ ያለችው ደግሞ «ወንዳወቅ፣ ይኼው ያርሳል» ነው።

«እሽጉን ያለ ቁልፍ ያዥ የቀደድን ሁላችን ጥፋተኛ ነን» አሉ መምህር፣ ፊታቸው ቀልቶ። «አያ ድረስን ይቅርታ እንጠይቃለን። ደግሞም ከዛሬ ጀምሮ ይህች ራም በደንቡ መሠረት ሦስተኛዋ ቁልፍ ሆና ትመዝገብ።» ተጨበጨበ። ጨርቋን ሰም ባልነካው ወረቀት እንድለውጥላቸው ብቻ ለመንኋቸው፤ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እኔ ዕቃውን የለየሁት አራት ዓመት ተምሬ ነው። ያ ሣጥን ውስጥ ዓርብ ዕለት የነበረው ዕቃ ብዙ ነው፤ ገመድ አለ፣ ነፋሻ አለ፣ ሃርድ ዲስክ የሚባል ዓይን የሚገባ ትልቅ ብረት አለ። ማንኛውም ሰው ቁልፍ ፍለጋ ቢገባ ትልቁን ብረት ነበር የሚያወጣው። እርሳቸው ግን ሌላው ዕቃ አንድም ሳይነካ፣ ሳይሰበር፣ ሳይላላ፣ ስትወጣ ኮምፒውተሩን የምታስጮኸውን፣ ስትገባ የምታበራውን፣ ኪስ የምትገባውን፣ ያቺን አንዲት ሳንቃ መርጠዋል። መቆንጠጫዎቹንም ሁለቱን እኩል ነው የከፈቱት። ያን ቀን ደግሞ ከጧት ጀምሮ እስክንወጣ ድረስ አግዳሚው ላይ ሲያንኮራፉ ነበር፤ እኔም ሰምቻለሁ፣ ወይዘሮ ሠርክአዲስም ሰምተዋል።

ስብሰባው ሲበተን ኮምፒውተሩን አጠፋሁ። አያ ድረስ ከጎኔ መጥተው እጃቸውን ዘረጉ። ጎኑን ከፍቼ ራሟን ነቅዬ ሰጠኋቸው። በአዲስ ወረቀት ጠቀለሏት።

«አያ ድረስ» አልኋቸው፣ ሰው እንዳይሰማ ጠጋ ብየ፣ «ከዚያ ሁሉ ዕቃ ይህችን እንዴት መረጧት?»

ማኅደሩን ዘጉ።

«ማን አሳየዎ? ተኝተው አልነበረም እንዴ?»

ማኅደሩን በትከሻቸው አነገቱ።

«እባክዎ አያ ድረስ፣ ለእኔ ለአንዱ ብቻ ይንገሩኝ፤ ለማንም አልናገርም።»

«አልነግርህም» አሉና ወጡ።